ስድስተኛው አባት

«አባቱ ረንቴሪያ የሚባል ዝነኛ ሰው ነበር አሉ» አለች ንፍሮ የምታድለው ጎረቤት፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለቅሶ ደራሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማን አለሽ?»

«ትናንት ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ አልሰማሽም እንዴ? ‹ከአባታቸው ከአቶ ረንቴሪያ› ሲሉ! እንዲህ የሚከብድ ስም ያለው ሰው መቼም የደህና ቤት ልጅ ነው። እኛ ደግሞ ዝም ብለን ቻይና ይመስለን ነበር።»

«ኧረ ቻይናስ አይደለም፤ ፊሊፒንስ ነው።»

«ያው ነው እቴ። ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር።»

አመተ ማርያም ሁሉንም ሰማች። ሐዘንተኛ አንገቱን ስለደፋ ጆሮውም የማይሰማ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ በድንኳኑ ውስጥ ከተንሾካሾኩት አንድም አላመለጣት። ይኸኛው ግን አንጀቷን ቆረጠው። አሥራ ስምንት ዓመት ባሏ የነበረው ዳኒሎ ከሞተ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ከወዲሁ ያልነበረ አባት ተፈጥሮለት፣ ያውም ዝነኛ ተብሎ፣ ከንፍሮ ጋር እየታደለ ነው።

ጥፋቱ የሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ በዩኒቨርሲቲው ከዳኒሎ ጋር አንድ ቢሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እዚሁ ቤት ምሳ የሚበላ ጓደኛው ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው እሱ ነበር። ክፉ አስቦ አይደለም። ፓስፖርቱን አየ፤ «ዳኒሎ ረንቴሪያ» ይላል። በእኛ አገር የሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው፤ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል? እናም «ከአባታቸው ከአቶ ረንቴሪያ» ብሎ ጻፈ፣ አነበበ፣ ሰውም አለቀሰ። አመተ ማርያም መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ «አይደለም!» ብላ ጮኻ ነበር። ሰው ግን ባሏ መሞቱን አላምንም ያለች መስሎት በብብቷ ገብቶ ደገፋት።

ከቀትር በኋላ አባቷ መሪጌታ ወልደኪዳን ከአንኮበር ደረሱ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ፈርተው ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበዋል። እኒህ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ደጃፍ አልረገጡም፤ አሁን ሞት ጠራቸውና መጡ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት፣ ለማንም ሐዘንተኛ እንደሚባለው። ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ጥግ ይዘው ተቀመጡና አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ዝም አሉ።

አብረዋቸው የመጡት እትዬ አልታየች ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ከአንኮበር እስከ ሰላ ድንጋይ ትልቅ ሰው ሲሞት የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። አመተ ማርያም አጠገብ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡና ጆሮዋ ሥር እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ለቀብሩ መኪና አጥቼ አልደረስኩልሽም። አሁን ግን ላለቅስለት ነው የመጣሁ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አላለቅስም፤ ‹ኡኡ› ማለትማ ማንም ይላል። ሰውየው የማን ልጅ ነው? የማን የልጅ ልጅ? አባት አያቱን ጥሪልኝና ከሥር ከመሠረቱ ላንሣው።»

አመተ ማርያም ቀና ብላ አባቷን አየች። አባቷ መሬት መሬቱን አዩ።

ይኸ ጥያቄ ከዚህ ቀደምም አንድ ጊዜ ተጠይቋል። ያን ጊዜ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ፤ አንኮበር ላይ፣ በገዛ ቤታቸው፣ በ1999 ዓመተ ምሕረት። ዳኒሎ የተበደረውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የምትሠራውን አመተ ማርያምን ሊጠይቅ ሄደ። መሪጌታ በወጉ ተቀበሉት፣ አበሉት፣ አጠጡት፤ ከዚያ «እንግዲህ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አሉት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣቅ አለና «ኧረ መሪጌታ፣ ይኸ ሰው ከባሕር ማዶ ነው የመጣው! ከእርስዎ ጋር በየት በኩል ሊዛመድ ነው?» አለ።

«ዝምድና ፈርቼ አይደለም። ልጄን የምሰጠው ሰው ከማን እንደ መጣ ልወቅ ብዬ ነው።» ይኸን ብለው እንዴት እንደሚቆጠር ሊያሳዩት ጣታቸውን ከትንሿ ጀምረው አጠፉ፦ «ወልደኪዳን፣ ገብረአማኑኤል፣ ዘርአ ዳዊት፣ ወልደተንሣኤ፣ ተስፋሚካኤል፣ ሠረቀብርሃን፣ ቃለ አብ!» በአንድ ትንፋሽ ሰባቱን አወረዷቸው።

ዳኒሎም ቀኝ እጁን ዘረጋ። «ዳኒሎ፣ ፌሊሲያኖ፣ ቶማስ፣ ባሲሊዮ፣ ማርሴሎ።» ቀኝ እጁ ተዘጋ። ግራውን አነሣና ትንሿ ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስድስተኛው?» አሉ መሪጌታ።

«አላውቀውም፣ አባቴ።»

«የሒሳብ መምህር ነው አላላችሁኝም? ሰባት መቁጠር ያቃተው ሰው ነው የዩኒቨርሲቲ ልጆች የሚያስተምረው?»

ቤቱ በሣቅ ፈነዳ። ዳኒሎም አብሮ ሣቀ፤ ያቺ የግራ ትንሿ ጣቱ ግን እንደ ቆመች ነበር። ሣቁ የበረደው መሪጌታ ሃይማኖቱን ሲጠይቁትና «ካቶሊክ» ብሎ ሲመልስ ነው።

«በሱስንዮስ ዘመን ደም ያፋሰሱን እነሱ አይደሉም ወይ?» አሉ መሪጌታ ከመቀመጫቸው ቀና ብለው።

«ናቸው፣ አባቴ። ከእነዚያ ቄሶች አንዳንዶቹ ከስፔን ነበሩ፤ የእኛዎቹም ከዚያው ናቸው። እናንተ አባረራችኋቸው። እኛ ጋ ግን ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀመጡብን። በእነሱ ምክንያት ከሆነ የሚጠሉኝ፣ እኔ እቀድምዎታለሁ።»

መልሱ ሽማግሌዎቹን ደስ አሰኘ፤ መሪጌታን ግን አላሰኘም። «አጥንቱ የማይታወቅ፣ ሃይማኖቱ የታወቀ!» አሉ። «ልጄን አልሰጥም።» አመተ ማርያም ጓዳ ሆና ሰማች። ከሁለት ወር በኋላ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ አገባችው፤ አባቷም እንደ ሞተች ቆጠሯት።

«የፌሊሲያኖ ልጅ ነው፣ እትዬ» አለች አሁን፣ ለአልቃሿ። «አቶ ረንቴሪያ የሚባል አባት የለውም።»

«ትናንት የተነበበውስ?»

«ተሳስተው ነው።»

ሙሉጌታ በቅርብ ርቀት ተቀምጦ ኖሮ ሰማ። ፊቱ ቀላ። ተነሥቶ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ እኔ ፓስፖርቱን አይቼ ነው የጻፍኩት። ዲግሪው ላይም፣ የሥራ ውሉ ላይም ያው ነው። መምህራኑ ተሰባስበን የመቃብሩን እብነ በረድ አዘናል፤ ‹ዶክተር ዳኒሎ ረንቴሪያ› ተብሎ ይቀረጻል። ወጉም ይኸው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?»

«እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው» አለች።

አልገባውም። ሐዘን ያናገራት መሰለውና «አይዞዎት» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ሊነቀል ሲል፣ ስልክ ተደወለ። የዳኒሎ እኅት ኮራሶን ናት፣ ከፊሊፒንስ። አመተ ማርያም እንግሊዝኛው እንባ ሲገባበት ስለሚያስቸግራት ልጇ ሥርጉት ተቀበለች። ሥርጉት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ዓይን ይዛ የአንኮበርን አፍንጫ ያወጣች ልጅ። እያዳመጠች ለእናቷ ትነግራታለች።

«የመቃብሩን ድንጋይ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ ትላለች። ስሙ በትልቁ ይጻፍ፤ የቤተሰባችን ስም ነው ትላለች።»

«በአባቱ ስም ነው የሚጻፈው በያት። ራሱ ነው የተናዘዘው።»

ሥርጉት ነገረቻት። ከወዲያ በኩል በሩቁ የሚሰማ ለቅሶ መጣ፤ ሥርጉት ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው።

«ምን አለች?»

«ረንቴሪያ የእኔም ስም ነው፣ የአባታችንም ስም ነው፣ ድንጋያቸው ላይ የተጻፈው እሱ ነው አለች። ከየትም ይምጣ፣ የእኛ ነው አለች። ወንድሜን አገራችሁ ወስዳችሁ ቀበራችሁት፣ አሁን ደግሞ ከእኛ ልትቆርጡት ነው ወይ አለች።» ሥርጉት ከንፈሯን ነከሰች። «እማዬ፣ እሷም እውነቷን እኮ ነው።»

እውነት ነው፤ ለኮራሶን ያ ስም የአባቷ ድምፅ ነው፤ ትምህርት ቤት የተጠራችበት፣ እናቷን የቀበረችበት ነው። ዳኒሎም ይኸን ያውቅ ነበር። ግን የገዛ አፉ ቃል አለ፤ የአመተ ማርያምም መሐላ አለ።

ሥርጉት የተወለደች ሰሞን የሆነውን አስታወሰች። ልጅ ሊያስመዘግቡ ቀበሌ ሄደው ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ስም?» አለ። «ሥርጉት።» «የአባት ስም?» «ዳኒሎ።» «የአያት?» «ፌሊሲያኖ።» ጸሐፊው ጻፈና መዝገቡን ከደነው። ዳኒሎ አልተነሣም።

«በቃ?» አለ።

«ሌላ ምን አለ?» አለ ጸሐፊው። «የሚቀጥለው ይግባ!»

ውጭ ሲወጡ ዳኒሎ ግንቡን ተደግፎ እንደ ልጅ ሣቀ። «አመቴ፣ አየሽ? ልጄ ያ ስም የላትም! ስፔን እዚህ ቀበሌ በር ላይ ቀረች!» ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። መንገደኛው ሁሉ «ቻይናው ምን ሆነ?» እያለ ያልፍ ነበር። «ዳኒሎስ ቢሆን የእነሱ ስም አይደለም እንዴ?» ብትለው «እሱን ያወጣችልኝ እናቴ ናት» አላት። «የወደደችኝ ሰው ናት የሰጠችኝ። ያኛውን የሰጡን ሊቆጥሩን ነው።» ያን ዕለት ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልጠየቀችውም። ሌላ ስምንት ዘጠኝ ዓመትም አልጠየቀችውም፤ የጠየቀችውም በማይጠየቅ አፍ ነው።

ሰባተኛው ቀን ላይ ለቅሶ ደራሹ አነሰ። ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ጎረቤቶች፣ ሙሉጌታ፣ መሪጌታና እትዬ አልታየች ናቸው። አልታየች አንድም ቀን አላለቀሱም። «አባት አያቱ ሳይሞላልኝ አፌን አልከፍትም» ብለው ከመጡ ጀምሮ ንፍሮ ሲበሉ ሰነበቱ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ታከታቸው።

«ልጄ፣ አምስት ነው የነገርሽኝ። ከአምስት በላይ ሰው አልነበረውም? ወይስ ደብቀሽኝ ነው?»

አመተ ማርያም ልትተወው ፈልጋ ነበር። ግን አባቷ እዚያ ጥግ፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ያንኑ መሬት ሲያዩ ስታይ የሆነ ነገር ገነፈለባት።

«አንድ ነገር ልንገርዎት እትዬ» አለች። ድምፅዋ ከሰባት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እኔ ይኸን ሰው ገድየዋለሁ። አሁን አይደለም፤ ድሮ ነው የገደልኩት። ሥርጉት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የእናቴ ተዝካር ደርሶ አንኮበር አብረን እንሂድ አልኩት። ‹አባትሽ ቤት አያስገቡኝም፤ አንቺ ሂጂ› አለኝ። ተናደድኩ። ‹ድሮስ አጥንቱ የማይታወቅ ሰው!› አልኩት። ሌላ ሰው ያወጣውን ስድብ ነው የደገምኩት። ማን እንዳወጣው እዚህ የተቀመጠ ሰው ያውቃል።»

«ተይ እንጂ፣ ልጄ» አለች አንዷ ጎረቤት።

«አልተውም! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ አልረሳም፤ እኔም እንዳልረሳ አደረገኝ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ወጣ። ሰዓት አልፎ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።»

የነገራት ይኸን ነበር።

የዛሬ መቶ ሰባ ምናምን ዓመት፣ የስፔን ገዥ አገሬውን በቅጡ መቁጠርና ማስገበር አቃተኝ አለ። ሰው ሁሉ ስሙ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የአባቱን ስም አይይዝም። እናም ስልሳ ሺህ ስም ያለበት መጽሐፍ አሳተመ። የቅዱሳን ስም፣ የከተማ ስም፣ የዛፍ ስም፣ ያገኘውን ሁሉ። ገጽ ገጹ እየተቆረጠ ለየከተማው ተላከ። ለዳኒሎ ከተማ በ«ረ» የሚጀምረው ገጽ ደረሰው። ሰው ተሰለፈ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከገጹ ላይ አንድ ስም እየተነሣለት ሄደ። እስከ ዛሬ የዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ስሙ በ«ረ» ይጀምራል። «ሰው ስሙን ሲነግርሽ አገሩን ታውቂዋለሽ» ብሏት ነበር ዳኒሎ። «እንደ በግ ጆሮ ምልክት።»

ያን ዕለት ሰልፉ ላይ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ማርሴሎ ይባላል። ከእናቱ ጋር ነው የቆመው። አባቱ አልነበረም። ወንድ ሁሉ በዓመት አርባ ቀን ለመንግሥት በግድ ይሠራ ነበርና ለመርከብ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ጫካ ወስደውታል። ጸሐፊው «ረንቴሪያ» ብሎ ጻፈላቸው። አባትየው አርባው ቀን አለፈ፣ አልተመለሰም። ግንድ ተጫነው አሉ። ሬሳውም አልመጣ። እናትየው በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተች። ልጁ በሰው ቤት አደገ።

«ሲያድግም ሰው ‹አባትህ ማን ይባላል?› ይለው ነበር» አለች አመተ ማርያም። «የስድስት ዓመት ልጅ አባቱን ምን ብሎ ነው የሚጠራው? አባዬ ነዋ! አባቱ ሌላ ስም ይኖረዋል ብሎ መቼ አሰበ? ዳኒሎ ዓመት ዓመት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመዝገብ ቤት። ከዚያ ሰልፍ በፊት የነበረው መዝገብ የለም፣ ምስጥ በልቶታል አሉት። ስድስተኛው ሰው ይኸ ነው፣ እትዬ። ስም የለውም፣ መቃብር የለውም፣ ያለቀሰለትም የለም። ዳኒሎ ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ስሞት ያንን የሰልፍ ስም ድንጋዬ ላይ እንዳታስጽፊ፤ እንደናንተ በአባቴ ጻፊኝ። አልቃሽ ካገኘሽ ደግሞ ስድስተኛውን ታልቅስልኝ።› ማርያምን ብዬ ማልኩለት።»

ሙሉጌታ እጁን አፉ ላይ አድርጓል። እትዬ አልታየች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ወገባቸውን ታጠቁ። ከዚያ አይተውት የማያውቁትን ሰው፣ ሰምተውት የማያውቁትን አገር ሰው፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ አነሡት፦

«ለጌታ መርከብ ሲል እንጨት ሊቆርጥ ገብቶ፣
ስሙም እንደ ሬሳው ቀረ ጫካ ጠፍቶ።
ባሕር ማዶ ወድቆ አልቃሽ ለጎደለው፣
እኛ እናልቅስለት፣ ልጁ ከእኛ ጋር ነው።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። በዳኒሎ ቀብር ዕለት ጨዋ ሆነው ያለቀሱት ጎረቤቶች፣ አሁን ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ፊታቸውን ነጩ። አመተ ማርያም ራሷ እንዲህ አድርጋ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ለባሏ ይሁን ለዚያ ሰው ለይታ አታውቀውም።

መሪጌታ ተነሥተው ወጡ።

ግቢው ውስጥ አገኘቻቸው፤ አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ውርጩ ያቃጠለውን ጎመን ነው የሚያዩት።

«ይኸን ለምን ያን ጊዜ አልነገረኝም?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«መቼ ጠየቁት፣ አባባ? ‹ስድስተኛው?› ብለው ሣቁበት እንጂ ‹ምን ሆኖ ነው?› አላሉትም።»

«አልሽኝ።»

«አልኩዎት።»

በማግስቱ በጠዋት ወደ አንኮበር ሄዱ። ስንቅ ቋጥራላቸው ነበር፤ ረስተውት ይሁን ትተውት፣ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ከሙሉጌታ ጋር ነበር፤ ትግል ከተባለ። እብነ በረዱ ተቀርጾ አልቋል። ሙሉጌታ ሦስት ጊዜ መጣ። አንዴ «ሁለቱንም ስም እናድርገው» አለ፤ አንዴ «ሕጋዊ ስሙ እኮ ነው፣ ነገ ለወረቀት ያስቸግራችኋል» አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ግን ሞኝ አይደሉም» አለችው። በሦስተኛው መጥቶ ምንም ሳይናገር ምሳ በላ። እብነ በረዱ እስከ ዛሬ ቢሯቸው ውስጥ፣ የዳኒሎ ጠረጴዛ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

ለኮራሶን አመተ ማርያም ራሷ ደወለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ ሥርጉትን ሳታስገባ፣ የሠራችውን ነገረቻት። ኮራሶን እስከ መጨረሻው ሰማቻት፣ «እሺ» አለች፣ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ ሲደወልላትም አታነሣም። አመተ ማርያም ለሟቹ ቃሏን ጠበቀች፤ የቀረውን አንድ ዘመዱን ደግሞ አጣችበት። ማንም «ደግ አደረግሽ» አላላትም፤ እሷም እንዲሏት አልጠበቀችም።

በአርባው ሰው ወደ መቃብሩ ወጣ። ዳኒሎ የተቀበረው ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፍ ከከበበው የማዘጋጃ ቤት መቃብር ነው፤ ደብር ውስጥ አይቀበርም ነበርና። ድንጋዩ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠራቢው እንደ ነገረችው አድርጎ ሠርቶታል። ከላይ ወደ ታች፦

ዳኒሎ
ፌሊሲያኖ
ቶማስ
ባሲሊዮ
ማርሴሎ

ከማርሴሎ ሥር ጠራቢው ለአንድ ስም የሚበቃ ቦታ አለስልሶ ባዶውን ትቶታል። «ይኸ ምንድን ነው?» ብሎ ነበር ሲሠራ። «የሰው ቦታ ነው» አለችው።

ሰው ሻማ አብርቶ፣ ከንፈር መጥጦ፣ ሊመለስ ሲል ከበሩ በኩል ጥቁር በርኖስ ታየ። መሪጌታ ናቸው። ከአንኮበር በጠዋቱ መኪና ተነሥተው ከመናኸሪያው በእግራቸው ነው የወጡት፤ ደክሟቸው ያለከልካሉ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ካህን በመቃብር ላይ ሲቆም ሰው ጸሎት ይጠብቃል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ፍትሐት አላደርግለትም» አሉ መሪጌታ፣ ለልጃቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሕጌ አይፈቅድልኝም። መዋሸትም አልፈልግም።»

«መች ለመንኩዎት?»

«አለመንሽኝም።» መቋሚያቸውን ለሥርጉት ሰጧት። «መቁጠር ግን እችላለሁ።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ድንጋዩን አላዩም፤ በቃላቸው ነው። «ዳኒሎ» አሉና ትንሿን ጣት አጠፉ። «ፌሊሲያኖ። ቶማስ። ባሲሊዮ። ማርሴሎ።» አንዱንም አልሳቱም። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የሰሙትን ስም አንድ በአንድ ይዘው ኖረዋል። አመተ ማርያም ይኸን ስታይ ከመለስለስ ይልቅ ባሰባት። ያውቁት ነበር። ይኸን ሁሉ ዓመት አፋቸው ላይ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ደጁ መጥተው አልጠሩትም።

ግራ እጃቸውን አነሡ። ትንሿ ጣታቸው ቆመች።

«ስድስተኛው?» አሉ።

ያው ቃል ነው፤ ያው ሰው ነው። አሁን ግን የሚሥቅ የለም። መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው የሆነ ነገር ይለምን ነበር፣ ስም ይሁን ይቅርታ። አመተ ማርያም አንዱንም አልሰጠቻቸውም፤ የላትም። ጠጋ አለችና የቆመችውን ጣታቸውን ያዘች፤ ወደ መዳፋቸው ውስጥ አጠፈቻት፣ አጥብቃ፣ ሳትራራ። ሰዉ ሁሉ ቁልቁል ወርዶ እስኪያልቅ ጣቲቱ ተመልሳ እንዳትቃና የአባቷን ጭብጥ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።